የሥሩ በር፦ የፍራፍሬ ዛፍና የጨዋማ ውሃ ረጅም ታሪክ

በገዛ ማሳው ላይ በየዓመቱ 64 ኩንታል ጨው የሚነሰንስ ገበሬ ተፈልጎ አይገኝም። በመስኖ የሚያለማ ገበሬ ግን ሳያውቀው ይህንኑ ሊያደርግ ይችላል። የውሃ ጨዋማነት የሚለካው ውሃው ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፈው መጠን ነው፤ መለኪያውም ዴሲሲመንስ በሜትር ይባላል። አንድ ዴሲሲመንስ የሚለካ ውሃ በሊትር 640 ሚሊ ግራም ያህል የሟሟ ጨው ይይዛል። ሲጠጡት ጨውነቱ እምብዛም አይታወቅም። በሞቃት አገር ያለ የፍራፍሬ እርሻ በዓመት ለአንድ ሄክታር 10,000 ሜትር ኩብ እንዲህ ያለ ውሃ ቢጠጣ ከውሃው ጋር 6,400 ኪሎ ጨው ይገባል። ውሃው በቅጠል በኩል ተንኖ ይሄዳል፤ ጨው ግን አይተንም። ዝናብ ወይም ትርፍ ውሃ ካላጠበው እዚያው ይከማቻል፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሌላ 64 ኩንታል ይጨመርበታል።

ጥጥ ወይም ገብስ የዘራ ሰው ማሳው ቢከፋበት በሚቀጥለው ወቅት ሰብል ይቀይራል። የፍራፍሬ ዛፍ የተከለ ሰው እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። ዛፉ ሠላሳና አርባ ዓመት በአንድ ቦታ ቆሞ የመጣለትን ውሃ ሁሉ ይጠጣል። ሆኖም አንድ መላ አለ። ዛሬ በዓለም ገበያ ከሚሸጠው ብርቱካን፣ ወይን፣ ኮክና አቮካዶ ብዙው የሚለቀመው ከሁለት ተክሎች ተጋጥሞ ከተሠራ ዛፍ ነው። ቅጠሉን፣ አበባውንና ፍሬውን አንዱ ይሰጣል፤ ሥሩንና የግንዱን እግር ሌላው። ሁለቱ የተዳቀሉበት ቦታ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ እንደ ጠባሳ ይታያል። ባለሙያዎቻችን የታችኛውን ሩትስቶክ፣ የላይኛውን ሳዮን ይሉታል። በዚህ ቅኝት የታችኛውን የሥር ግንድ፣ የላይኛውን አናት እያልን እንሄዳለን።

የምንከተለው ጥያቄ አንድ ነው። ውሃው ጨው ይዞ ሲመጣ ያ ከታች ያለው ተክል ምን ያደርጋል? ሰውስ ይህን ለማወቅ ስንት ዘመን ፈጀበት? ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር ስንቃኘው አንድ ነገር ተደጋግሞ ይታያል። ሰው የዛፉን ሥር የመረጠው ሁልጊዜ በዘመኑ ፊት ለፊቱ ለቆመ ጠላት ነው፤ ጨው ከኋላ ቆሞ ተራውን ይጠብቅ ነበር። ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት፣ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልን።

መነሻችን በኤፍራጥስና በጤግሮስ መካከል ያለው ሜዳ ነው። በ1958 ቶርኪልድ ጃኮብሰንና ሮበርት አዳምስ የተባሉ ሁለት ምሁራን የሸክላ ጽላቶችን መዝገብ ተከትለው እስከ ዛሬ የሚያከራክር ሐሳብ አቀረቡ። በደቡብ ሜሶጶጣሚያ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3500 አካባቢ ስንዴና ገብስ እኩል ያህል ይዘሩ ነበር፤ በ1700 አካባቢ ግን ስንዴ ከአካባቢው ጠፍቶ ጨውን የሚችለው ገብስ ብቻውን ቀረ፤ ምክንያቱም በመስኖ የተከማቸው ጨው ነው አሉ። ከእነሱ በኋላ የመጡ አጥኚዎች የቁጥሮቹን አነባበብ ነቅፈዋል፤ ጨው ብቻውን ሥልጣኔ አፈረሰ የሚለውን የሚቀበሉትም ጥቂት ናቸው። ጨዋማነቱ ግን እውነተኛ ችግር እንደነበር አያጠራጥርም።

በዚያ ሜዳ ላይ ጨዉን ችሎ የቆመ አንድ የፍራፍሬ ዛፍ ነበር፤ እሱም ቴምር ነው። የሐሙራቢ ሕግ ለቴምር አትክልት የተለየ ቦታ ሰጥቶታል። አትክልተኛው ተክሎ አራት ዓመት ይንከባከባል፤ በአምስተኛው ዓመት ፍሬውን ከባለ መሬቱ ጋር እኩል ይካፈላል። የሌላ ሰው ዛፍ የቆረጠም ግማሽ ምናን ብር ይከፍላል። የባቢሎን ሰው ዴሲሲመንስ አያውቅም፤ ከጨው ጋር የሚኖር ዛፍ የትኛው እንደሆነ ግን አውቆ ሕግ አውጥቶለታል። ዘመናዊው ልኬት ይህንኑ በቁጥር ይደግመዋል። ቴምር የአፈሩ ጨዋማነት 4 ዴሲሲመንስ እስኪደርስ ምርቱ አይነካም፤ ከዚያ በላይ በእያንዳንዱ ዴሲሲመንስ የሚቀንሰው 3.6 በመቶ ብቻ ነው። ብርቱካን በ1.7 ይጀምርና በእያንዳንዱ 16 በመቶ ያጣል። አፈሩ 6 ዴሲሲመንስ ቢደርስ ቴምሩ ከመቶ ሰባት ያህል ሲቀንስ ብርቱካኑ ከመቶ ወደ ሰባ ይጠጋል። ቴምር የሚባዛው ከእናቱ እግር በሚነቀል ቡቃያ ስለሆነ የሥር ግንድ አይዋስም። የመጀመሪያው ዘመን መላ እንግዲህ ዛፉን መምረጥ ነበር፤ ሥሩን ከዛፉ ለይቶ መምረጥ ገና አልመጣም።

ሥርንና አናትን መለየት የተቻለው በማዳቀል ጥበብ ነው። የአርስቶትል ተማሪ ቴዎፍራስጦስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው ክፍለ ዘመን ማዳቀልን ሲገልጽ ጥበቡ አዲስ አልነበረም፤ ከእሱ በኋላ ሮማውያኑ ካቶና ኮሉሜላ በዝርዝር ጽፈውበታል። የዚያ ዘመን ዓላማ ግን ሥሩ አልነበረም። ከዘር ሲበቅል አባቱን የማይመስለውን ጥሩ ፍሬ ሳይለወጥ ለማባዛት ነበር። ሥሩ ምግብ አቅራቢ አሽከር፣ ክብሩ ሁሉ የፍሬው ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የዓረብ የእርሻ ሊቃውንት ዘመን ሁለት ነገሮችን አገናኘ። በአሥረኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በኢራቅ የተዘጋጀው «የነበጢያን እርሻ» የተባለው መጽሐፍ ስለ ጨዋማ አፈር ብዙ ይናገራል። በአሥራ ሁለተኛው ክፍለ ዘመን በሴቪያ የኖረው ኢብን አል-አዋም ደግሞ በሰፊው የእርሻ መጽሐፉ ማዳቀልን፣ የአፈርን ባሕርይና የመስኖን ውሃ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። መራራ ብርቱካን ወደ ሜዲትራኒያን የገባውም በዚሁ ሥልጣኔ እጅ ነው። ለመስጊድ ግቢ ጥላ፣ ለአበባ ውሃና ለጣፋጭ የተተከለው ይህ እሾሃም ዛፍ ከጊዜ በኋላ የግማሽ ዓለም ብርቱካን መቆሚያ እንደሚሆን የገመተ አልነበረም።

ታላቁ መታጠፊያ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጣ፤ በጨው ሳይሆን በበሽታ። በ1840ዎቹ በአዞረስ ደሴቶች የብርቱካን ዛፎች ከግንዳቸው እግር ላይ ሙጫ እያነቡ መድረቅ ጀመሩ። በሽታው ቀስ በቀስ በሜዲትራኒያን ዳርቻ ሁሉ ተዛመተ። በዚያን ጊዜ ብዙው ብርቱካን በገዛ ሥሩ የቆመ ነበር። አትክልተኞች ከመራራው ብርቱካን ላይ የተዳቀለው እንደማይታመም አስተዋሉ፤ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥም ጣፋጩ ብርቱካን በመራራው እግር ላይ ወጣ። መራራው ለጨውም መጠነኛ ቻይነት ነበረው። ያኔ ግን ይህን የመረመረ አልነበረም።

በወይን ላይ የሆነው ከዚህም የሚያስገርም ነው። በ1860ዎቹ ፊሎክሴራ የተባለች ሥር የምትመጥ ትንሽ ነፍሳት ከአሜሪካ ወደ ፈረንሳይ ተሻግራ የወይን ቦታዎቹን አጠፋች። መፍትሔውም ከአሜሪካ መጣ፤ የአውሮፓን ወይን ነፍሳቷን በሚችል በአሜሪካ የዱር ወይን ሥር ላይ ማዳቀል። መጀመሪያ የመጡት ሥሮች ግን የፈረንሳይን ኖራማ አፈር አልቻሉም፤ ቅጠላቸው ቢጫ ሆነ። በ1887 የሞንፔሊዬው ምሁር ፒየር ቪያላ ኖራ የሚችል ወይን ፍለጋ አሜሪካን ዞረ፤ የቴክሳሱ የወይን ሊቅ ቶማስ ሙንሰንም በኖራ ኮረብታ ላይ የሚበቅለውን ቤርላንዲዬሪ የተባለ የዱር ወይን ጠቆመው። ከዚህ ዝርያ ጋር ሌሎችን በአበባ እያጋቡ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ በሲሲሊ ፓውልሰንና ሩጄሪ የተባሉ አዳቃዮች በቁጥር የሚታወቁ የሥር ግንዶችን አወጡ፤ 1103 ፓውልሰንና 140 ሩጄሪ ዛሬም በዓለም ይተከላሉ። የተመረጡት ለነፍሳትና ለኖራ ነበር። ከግማሽ ክፍለ ዘመን በላይ ቆይቶ በጨው ሲፈተኑ ግን ያ የኖራ ኮረብታ ወይን ክሎራይድን ወደ ቅጠል እንዳይወጣ በማገድ ከሁሉ የተሻለ ወላጅ ሆኖ ተገኘ። እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ሰው ሳያስበው ያገኘው ስጦታ ሰባና ሰማንያ ዓመት በእጁ ይዞት ሳያውቀው ኖረ።

እስከዚህ ያለውን እናጠቃልል። ጥንት ሰው ጨው የሚችል ዛፍ መረጠ። በመካከለኛው ዘመን ማዳቀልና የውሃ ዕውቀት በአንድ መጽሐፍ ተገናኙ። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ሥር ራሱን የቻለ ምርጫ ሆነ፤ ምርጫው ግን ለበሽታና ለነፍሳት ነበር። ጨው የራሱን ሳይንስ ያገኘው በሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው።

የዚህ ዘመን ማዕከል የአሜሪካ ምዕራብ ነበር። በረሃ በወንዝ ውሃ ሲለማ በአንድ ትውልድ ዕድሜ የሜሶጶጣሚያው ጨው እንደ ነጭ ቆዳ መሬቱን መሸፈን ጀመረ። በ1937 በካሊፎርኒያ ሪቨርሳይድ ከተማ ለጨዋማነት ብቻ የተቋቋመ የፌዴራል ቤተ ሙከራ ተከፈተ። በ1954 ያወጣው 60ኛው የእርሻ መመሪያ መጽሐፍ በእኛም አገር ያሉ የአፈር ባለሙያዎች የተማሩበት ነው። በ1977 ማስና ሆፍማን የተባሉ ተመራማሪዎቹ የሰብሎችን የጨው ቻይነት በሠንጠረዥ አወጡ፤ ከላይ የጠቀስናቸው የቴምርና የብርቱካን ቁጥሮች ከዚያ ሥራ የተወሰዱ ናቸው።

የሥር ግንድ ወደዚህ ታሪክ የገባው በቴክሳስ ደቡብ፣ በሪዮ ግራንዴ ሸለቆ በኩል ነው። በዚያ ያለው የመስኖ ውሃ በድርቅ ዘመን ጨዉ ይበዛበታል፤ የግሬፕ ፍሩት ዛፎች ቅጠላቸው ከጫፍ እየነደደ ይረግፋል። ዊልያም ኩፐርና ባልደረቦቹ በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ መጀመሪያ አንዱን ዓይነት አናት በልዩ ልዩ የሥር ግንዶች ላይ አዳቅለው ሆን ብለው ጨዋማ ውሃ አጠጧቸው። ከዚያ ቅጠሎቹን ለቅመው፣ አድርቀው፣ ፈጭተው በውስጣቸው ያለውን ክሎራይድ ለኩ። ውሃው አንድ፣ አፈሩ አንድ፣ አናቱ አንድ ሆኖ ሳለ የቅጠሉ ክሎራይድ እንደ ሥሩ በብዙ እጥፍ ተለያየ። ክሊዮፓትራ በተባለው መንደሪንና በራንግፑር ሎሚ ሥር ላይ የቆሙት ዝቅተኛውን ያዙ። መራራው ብርቱካን መካከል ላይ ቆመ። ትሪፎሊያታ የተባለው ቅጠለ ሦስት ብርቱካንና ከእሱ የተወለዱት ሲትራንጅ የሚባሉ ዲቃሎች ክሎራይዱን ሳይከለክሉ ወደ ላይ ለቀቁት።

ይህ ሙከራ በእኔ አስተያየት የታሪኩ ሁሉ መካከለኛ ነጥብ ነው። ከዚያ በፊት ጨው የአፈርና የውሃ ችግር ብቻ ይመስል ነበር፤ ከዚያ በኋላ በሥርና በቅጠል መካከል በር እንዳለ፣ በሩንም የሚጠብቅ እንዳለ ታወቀ። ጨው ዛፍን የሚጎዳው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ጥም ነው፤ አፈሩ ውስጥ ያለው ጨው ውሃውን ይዞ ስለሚያስቀር ሥሩ ውሃ መሐል ቆሞ ይጠማል። ሁለተኛው መመረዝ ነው፤ ሶዲየምና ክሎራይድ ከውሃው ጋር ወጥተው ውሃው በሚተንበት በቅጠሉ ጫፍ ይከማቻሉ። ስለዚህም ነው ቃጠሎው ከጫፍ ጀምሮ በዳርና በዳር ወደ ውስጥ የሚገባው። ከመጀመሪያው ጉዳት ሥር የሚያድነው በጥቂቱ ነው። ከሁለተኛው ግን ብዙ ሊያድን ይችላል። ውሃ ወደ ሥሩ እምብርት ከመግባቱ በፊት እንደ ሱፍ ማጣሪያ የሆነ የሕዋስ ቅጥር አለ፤ ሥሩ ወይ እዚያ ያግደዋል፣ ወይ በሕዋሱ ውስጥ ባለ ከረጢት አስሮ ያስቀምጠዋል፣ ወይ ወደ ላይ መሄድ ከጀመረ በኋላ ከሚፈሰው ውሃ ውስጥ መልሶ ይስበዋል።

በረኛው ግን ሁሉን አያግድም፤ እያንዳንዱ ሥር የሚያውቀው የራሱን እንግዳ ነው። ክሎራይድን የለቀቀው ቅጠለ ሦስት ብርቱካን ጨዉ መጠነኛ ሲሆን ሶዲየምን በሥሩና በግንዱ እግር ይዞ ያስቀራል። አንዱን የሚችል ሌላውን ላይችል እንደሚችል ያልተረዳ ገበሬ «ጨው የሚችል ሥር» የሚለውን ማስታወቂያ አምኖ ገንዘቡን ያጠፋል። ጥያቄው ሁልጊዜ የትኛውን ጨው የሚል መሆን አለበት፤ መልሱ የሚገኘውም ውሃውን በቤተ ሙከራ በማስመርመር ነው።

ኩፐር ቅጠል በሚፈጭበት ዘመን ግን የብርቱካን ዓለም ሌላ እሳት ይዞት ነበር። በ1930ዎቹ በአርጀንቲናና በብራዚል በመራራ ብርቱካን ሥር ላይ የቆሙ ዛፎች በሚሊዮን ይሞቱ ጀመር። ብራዚላውያን ትሪስቴዛ አሉት፤ በቋንቋቸው ሐዘን ማለት ነው። በክሽክሽ የሚተላለፍ ቫይረስ ነበር። ገዳይነቱ በአናቱና በመራራው ሥር ጋብቻ ላይ ነው፤ መጋጠሚያው ላይ ያለው የምግብ መተላለፊያ ይሞትና ሥሩ ይራባል። ለአሥርት ዓመታት ያቆማቸው ሥር ራሱ ሞታቸው ሆነ። በ1957 በስፔን ቫሌንሲያ ሲገኝ የአገሪቱ ብርቱካን ከሞላ ጎደል በመራራው ላይ ነበር። አትክልተኞቹ ሥር መቀየር ነበረባቸው፤ የመረጡትም ካሪዞ የሚባለውን ሲትራንጅ ነው። ካሪዞ ትሪስቴዛን ይችላል፤ ምርቱም ጥሩ ነው። ነገር ግን ክሎራይድን ከማያግደው ወገን ነው። በሜዲትራኒያን ዳርቻ ያሉ ጉድጓዶች ብዙ ተስቦባቸው የባሕር ውሃ ሲገባባቸው የአዲሱ ሥር ድክመት ተገለጠ። አንዱን ጠላት ለመሸሽ የተያዘው መንገድ ወደ ሌላው ደጃፍ አደረሰ።

ከዚህ የወጣው መልስ የዘመናዊው አዳቃይ ሥራ ነው። በቫሌንሲያ በ1970ዎቹ የተጀመረ መርሐ ግብር ክሎራይድ የሚያግደውን ክሊዮፓትራ ትሪስቴዛን ከሚቋቋመው ቅጠለ ሦስት ብርቱካን ጋር አጋባ። ከልጆቻቸው አንዱ ፎርነር-አልካይዴ 5 የሚል ስም ይዞ ወጣ፤ በሽታውንም ኖራውንም ጨዉንም በአንድ ሥር የሚችል ሆኖ ተመዘገበ። የፍራፍሬ ዛፍ ትውልድ ረጅም ነው። ከተዳቀለች ዘር እስከ ገበሬው ማሳ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያልፋል፤ የጀመረው ሰው ፍጻሜውን የማያይበት ጊዜም ብዙ ነው። ለዚህ ሥራ ያለኝ አክብሮት ከዚህ ይመነጫል።

በተመሳሳይ ዘመን በእስራኤል በሌላ ዛፍ ላይ ሌላ ምዕራፍ ተከፈተ። በ1964 ብሔራዊው የውሃ መስመር የኪኔሬትን ሐይቅ፣ እኛ የጥብርያዶስ ባሕር የምንለውን፣ ወደ ደቡብ መውሰድ ሲጀምር የሐይቁ ክሎራይድ በሊትር ወደ 400 ሚሊ ግራም የተጠጋ ነበር። ከሐይቁ ዳር የሚፈልቁትን ጨዋማ ምንጮች በልዩ ቦይ አሳልፈው ቢያወጡም አቮካዶ መሰቃየቱ አልቀረም፤ ከፍራፍሬ ዛፎች መካከል ክሎራይድን እንደ አቮካዶ የሚፈራ ጥቂት ነው። አቮካዶ ሦስት ነገዶች አሉት። የሜክሲኮው ብርድን ይችላል፤ ለጨው ግን ደካማ ነው። የጓቲማላው መካከለኛ ነው። የዌስት ኢንዲስ የሚባለው የቆላ ነገድ፣ ስሙ ስለ ደሴቶቹ ቢናገርም መነሻው የመካከለኛው አሜሪካ ቆላ ነው፣ ከሦስቱ ጨውን የሚችለው እሱ ነው። የቮልካኒ ምርምር ማዕከሉ አብርሃም ቤን ያዕቆብና ባልደረቦቹ ለአሥርት ዓመታት የገበሬዎችን ማሳ እየዞሩ፣ በታመመ መካከል ለምልሞ የቆመውን ዛፍ እየመረጡ፣ ዘሩንና ሥሩን እያባዙ ፈተኑ። ዛሬ ጨዋማ ውሃ ያለበት የእስራኤል አቮካዶ የሚቆመው ከዚህ ምርጫ በወጡ የዌስት ኢንዲስ ሥሮች ላይ ነው።

አገሪቱ በኋላ ሁለት አዳዲስ ውሃዎች ጨመረች። አንደኛው ከከተማ ፍሳሽ ተጣርቶ ለእርሻ የሚመለሰው ነው፤ ከፍሳሽዋ ከአሥር እጅ ከስምንት በላዩን ትጠቀምበታለች። ይህ ውሃ ከቤት ሳሙናና ከወጥ ቤት ጨው የመጣ ሶዲየም ስላለበት ሥሮቹን እንደገና ለፈተና አቀረባቸው። ሁለተኛው ከባሕር ተጣርቶ የሚመጣው ነው። በአሽቀሎን በ2005 ሥራ የጀመረው ትልቅ ማጣሪያ የውሃውን ጨው በእጅጉ ቀነሰ፤ በምላሹ በባሕር ውሃ ያለውን ቦሮን ከልክ በታች ለማውረድ ተጨማሪ ማጣራት አስፈለገ።

በአውስትራሊያ፣ መሪ በሚባለው ወንዝ ዳር፣ በ1887 በተመሠረተችው የሚልዱራ የመስኖ ሰፈር፣ በገዛ ሥሩ የቆመው የሱልጣኒያ ዘቢብ ወይን ከወንዙ ጨው ጋር ታግሏል፤ ራምዚ የተባለው የአሜሪካ የዱር ወይን ሥር በቅጠሉ ያለውን ክሎራይድ በእጅጉ ይቀንሳል፤ የአካባቢውም ዋና የሥር ግንድ ሆነ። በ2018 የዚያው አገር ተመራማሪዎች የወይን ሥር ሶዲየምን ከሚፈሰው ውሃ መልሶ የሚስብበትን ጂን ለይተው አሳተሙ። በካሊፎርኒያ ሳን ዋኪን ሸለቆ ምዕራብ ደግሞ አልሞንድ፣ በመጽሐፍ ቅዱሳችን ለውዝ የተባለው፣ በማይችልበት ምድር ፒስታቺዮ ገባ። ሁለት የዱር ፒስታቺዮዎች ተጋብተው የወለዱት ዩሲቢ 1 የሚባል ሥር የብዙው ማሳ መቆሚያ ነው። ዝርዝሩን ለየዘርፉ ባለሙያ እንተወው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ገደብ ማስቀመጥ ግድ ነው። ሥር ጨውን ከቅጠል ያርቃል እንጂ ከማሳው አያወጣም። ያገደው ጨው አፈሩ ውስጥ ይቀራል፤ እንዲያውም ሥሩ አካባቢ ይበልጥ ይጠራቀማል። በኮክና በአልሞንድ ዓይነት ዛፎች ደግሞ ሶዲየሙ ለጥቂት ዓመታት በሥርና በግንድ እንጨት ውስጥ ተደብቆ ይቆያል፤ እንጨቱ ሲያረጅና የውስጠኛው ክፍል ሲሞት ይለቀቅና ወደ ቅጠል ይወጣል። ሦስትና አራት ዓመት ጤነኛ የነበረ ዛፍ ውሃው ሳይለወጥ በድንገት ቅጠሉ የሚነደው በዚህ ነው። ስለዚህ ከጥሩ ሥር ጋር ጨዉን ወደ ታች የሚያጥብ ትርፍ ውሃ፣ የታጠበውን ይዞ የሚሄድ የፍሳሽ ቦይም ያስፈልጋል። ቦይ በሌለበት የሚፈስ ትርፍ ውሃ ነገሩን ያብሰዋል፤ ይህን ለማየት ወደ አዋሽ መውረድ ይበቃል።

የአዋሽ ዘመናዊ መስኖ ታሪክ በ1950ዎቹ ከወንጂ ሸንኮራ ይነሳል። የቆቃ ግድብ በ1960 ተጠናቀቀ፤ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1962 ተቋቋመ። በላይኛው አዋሽ ኑራ ኤራ በብርቱካን ስሙ ገነነ፤ በመካከለኛው አዋሽ አሚባራና መልካ ሰዲ በጥጥና በሙዝ ለሙ። የአዋሽ ውሃ በራሱ ክፉ የሚባል ጨው የለበትም። ነገር ግን ያለ ፍሳሽ ቦይ ሲጠጣ የከርሰ ምድር ውሃው ከዓመት ዓመት ከፍ እያለ ወደ ሥሩ ደረሰ፤ ሲተን ጨዉን ላይ ጥሎ ሄደ። በ1980ዎቹ ከመሬት በታች የፍሳሽ ቱቦ ተቀብሮ ተሞከረ፤ ሆኖም ችግሩ አልተገታም። የተጣሉትን ማሳዎች ዛሬ ፕሮሶፒስ የተባለው ወራሪ ዛፍ ወርሷቸዋል። መልካ ሰዲ ላይ የሥር ግንድ ምንም ሊረዳ አይችልም ነበር፤ ሙዝ እንደ ቴምር በቡቃያው ይተከላል እንጂ የሌላ ሥር አይዋስም። ልዩነቱ ቴምር ጨውን ይችላል፣ ሙዝ አይችልም። በታችኛው አዋሽ፣ በአሳይታና በአፋምቦ፣ አፋሮች ቴምር ማልማታቸው ከባቢሎን ሰው ምርጫ ጋር የሚገጥም ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ በመተሐራ ያለው የበሰቃ ሐይቅ አለ። በ1960ዎቹ ሦስት ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው ይህ ጨዋማ ሐይቅ በአንድ የሰው ዕድሜ ከ40 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ሰፋ። መንገድና ሐዲድ አሸሸ፤ የሸንኮራ ማሳ ዋጠ። እንዳያጥለቀልቅ ውሃው በልክ ወደ አዋሽ እየተለቀቀ ይቀላቀላል፤ ከዚያ በታች ያለ አልሚ ሁሉ የዚህን ሐይቅ ሶዲየም ከወንዙ ጋር ይካፈላል። ለታችኛው አዋሽ ፍራፍሬ ስለ ሥር ማሰብ የቅንጦት ጉዳይ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ኢትዮጵያ ዛሬ ሌላ የተዳቀለ ዛፍ በብዛት እየተከለች ነው፤ ሃስ የተባለውን አቮካዶ። አቮካዶ ወደ አገራችን የገባው በ1938 በሂርናና በወንዶ ገነት እንደሆነ ይጻፋል። ለረጅም ጊዜ ከዘር ብቻ ይባዛ ነበር። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ቡታጅራን በመሳሰሉ ቦታዎች፣ በእስራኤልና በአሜሪካ የልማት ትብብር እገዛ ጭምር፣ የተዳቀሉ ችግኞች ለገበሬው መድረስ ጀመሩ። አብዛኛው የሚተከለው ዝናብ በሚበቃው ወይና ደጋ ስለሆነ ጨው ገና ወሬ ነው። በመስኖ ወደ ስምጥ ሸለቆ ሲወርድ ግን ወሬ አይሆንም።

ችግኝ ጣቢያ ሄዶ ሥራውን ያየ ሰው ሥሩ የሚወሰንባትን ቅጽበት ያውቃታል። ከጭማቂ ቤትና ከገበያ የተሰበሰበ የአቮካዶ ዘር ታጥቦ፣ ከላይና ከታች ትንሽ ተቆርጦ፣ አፈርና ፍግ በተሞላ ጥቁር ላስቲክ ውስጥ ይቀመጣል። ግንዱ የእርሳስ ውፍረት ሲደርስ አዳቃዩ በምላጭ አናቱን ይቆርጣል፤ መሐሉን ሰንጥቆ የተሾለውን የሃስ ቅርንጫፍ ይሰካል፤ በፕላስቲክ ጥብጣብ ጥብቅ አድርጎ ይጠመጥመዋል። እጁ ፈጣን ነው፤ ስለ ሃሱ ከየትኛው እናት ዛፍ እንደተቆረጠም በደንብ ይነግርሃል። የብርቱካን ሥር ከሆነ ዘሩ አብዛኛውን ጊዜ እናቱን መስሎ ስለሚወጣ መራራው መራራ፣ ክሊዮፓትራው ክሊዮፓትራ ሆኖ ይቀጥላል። የአቮካዶ ዘር ግን እናቱን አይመስልም፤ በአንድ ተራ ላይ ከተደረደሩ መቶ ላስቲኮች መካከል አንዱ የሜክሲኮ፣ ሌላው የጓቲማላ፣ ሌላው የቆላው ነገድ ደም ሊኖረው ይችላል። ላስቲኩ ላይ ወይም በችግኙ አንገት ላይ በታሰረችው ካርቶን «ሃስ» ተብሎ ይጻፋል። የካርቶኗ ጀርባ ባዶ ነው፤ ለዘሩ መነሻና ለእናት ዛፉ ስም የሚበቃ ቦታ አለው።